«ይቻላል?» በስፓኒሽ፦ ለጣና ዳር አስጎብኚዎች፣ ጀልባ ነጂዎችና አስተናጋጆች

«ዋና እችላለሁ።» «ዛሬ መምጣት አልችልም።» «እዚህ ማጨስ ይቻላል?» «ዝናብ ሊመጣ ይችላል።» አማርኛ አራቱንም በአንድ «ቻለ» ይጨርሳቸዋል። ስፓኒሽ ግን የመጀመሪያውን ለይቶ ለሌላ ግሥ ይሰጣል፤ የቀሩትን ሦስቱን «ፖዴር» ለሚባል ግሥ ይተዋል። ባሕር ዳር ላይ ስፓኒሽ የጀመረ ሰው በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ነው። ደግነቱ ከዚህ መሰናክል በስተቀር አማርኛ ተናጋሪ ለፖዴር የተሰናዳ ጆሮ አለው፤ ከታች እንደምታዩት «ይቻላል» እና «አይቻልም» ቃል በቃል የሚገጥሙ አቻዎች አሏቸው።

ስፓኒሹን በሙሉ በእኛ ፊደል ጽፈነዋል፤ ጀልባ ላይ ደብተር የሚያወጣ የለምና ዋናው አፍና ጆሮ ነው። ስታነቡ ሳድሱን ሳታስረዝሙ ከሚቀጥለው ፊደል ጋር አያይዙት። «ኤንትራር» ሲባል «ት» እና «ራ» ተጣብቀው ይወጣሉ።

1. መጀመሪያ አፋችሁን አስተካክሉ

የዚህ ትምህርት ቁልፍ ድምፅ «ፕዌ» ናት። «ቧንቧ» ስትሉ ከንፈር እንደሚሞጠሞጠው እዚህም ይሞጠሞጣል፤ ከዚያ ወደ «ኤ» ይከፈታል። ሁለት ቦታ ከፍላችሁ «ፑ-ዌ» አትበሉ፤ አንድ ምት ናት። «ፕ» እንደ «ፖሊስ» ነው፤ እንደ «ጴጥሮስ» ከጉሮሮ አይፈነዳም።

ከንፈሩን ረስታችሁ «ፕዌዶ» (እችላለሁ) የሚለውን «ፔዶ» ካላችሁ እንግዳው ይስቃል። ፔዶ ከሆድ በስተታች የሚወጣ ነፋስ ነው። «ልግባ?» ያላችሁ መስሏችሁ ምን እንዳላችሁ አስቡት። ሌላም መዘዝ አለ፦ «ፕዌዴ» (ይችላል) ስትሉ «ዌ» ቢጠፋባችሁ «ፑዴ» ይሆናል፤ ያ ደግሞ «ቻልኩ» ነው። ሰውም ጊዜም ተቀየረ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ቀጣዩ ከመሄዳችሁ በፊት «ፕዌዶ፣ ፕዌዴ፣ ፕዌርታ» (ፕዌርታ በር ነው) ሃያ ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉ።

የቀሩት ድምፆች ብዙ አያስቸግሩም። «ኝ» ስላለን «ሴኞር»ን ከብዙ ፈረንጅ ይልቅ አጥርተን እንላለን። በላቲን ፊደል «ቬ» የሚመስለው ፊደል በስፓኒሽ «ቤ» ነው የሚነበበው፤ «ቤር» (ማየት) እንጂ «ቬር» አይባልም። «ር» አላልታ ስትነገርና ጠብቃ ስትነገር ትርጉም ትለውጣለች፦ «ፔሮ» ላልቶ «ግን» ነው፣ ጠብቆ «ውሻ» ነው። «በላ» እና «በልቷል» ላይ ያለውን የላ እና የል መላላት መጥበቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ጨዋታ ነው። በቃል መጀመሪያ ያለ «ር» ሁሌም ይጠብቃል። ከማድሪድ የመጣ እንግዳ «ሳፓቶስ» (ጫማ) ሲል ምላሱን በጥርሱ መካከል አውጥቶ ትሰሙታላችሁ፤ ላቲን አሜሪካና የካናሪ ደሴቶች ግን ጥርት ያለ «ሳ» ነው የሚሉት። እናንተ በ«ሳ» ጽኑ፤ ሁሉም ይገባዋል።

2. ስድስቱ ቅርጾች

ፕዌዶ፦ እችላለሁ
ፕዌዴስ፦ ትችላለህ፣ ትችያለሽ
ፕዌዴ፦ ይችላል፣ ትችላለች፤ እርስዎ ይችላሉ
ፖዴሞስ፦ እንችላለን
ፖዴይስ፦ ትችላላችሁ (ስፔን ውስጥ፣ ለሚቀራረቡ ሰዎች)
ፕዌዴን፦ ይችላሉ (እነሱ)፤ ትችላላችሁ

«ፖ» ወደ «ፕዌ» የምትለወጠው የድምፁ ጉልበት እሷ ላይ ሲያርፍ ነው። «ፖዴሞስ» ላይ ጉልበቱ ወደ «ዴ» ስለሸሸ «ፖ» እንዳለች ቀረች። «ፕዌዴሞስ» የሚል ጀማሪ ብዙ ነው፤ ይገባቸዋል፣ ግን ጆሮ ይቆረቁራል።

ሦስተኛው መስመር ላይ ቆም በሉ። አማርኛ አንድን ሰው ሲያከብር «እርስዎ ይችላሉ» ብሎ የብዙዎቹን ቅርጽ ይዋሳል። ስፓኒሽም ይዋሳል፣ የሚዋሰው ግን የ«እሱ/እሷ»ን ነው፦ «ኡስቴድ ፕዌዴ»። ለአንድ ትልቅ ሰው አክብራችሁ «ፕዌዴን» ካላችሁ ከጀርባቸው ሌላ ሰው ያለ መስሏቸው ዞር ይላሉ። ለአንድ ሰው አክብሮት «ፕዌዴ»፣ ከሁለት ጀምሮ «ፕዌዴን» በሉ። ስፔናውያን ቶሎ ወደ «አንተ» ይገባሉ፤ ከሜክሲኮ፣ ከኮሎምቢያ ወይም ከፔሩ ለመጣ እንግዳ ግን በአክብሮት መጀመር ይሻላል። ከላቲን አሜሪካ ለመጡ ቡድኖች «ፖዴይስ» ፈጽሞ አያስፈልጋችሁም፤ «ፕዌዴን» ብቻ ይበቃል። አርጀንቲናዊ «ፖዴስ» ቢላችሁም አልተሳሳተም፤ በአገሩ «ትችላለህ» እንዲያ ነው።

እኔ፣ አንተ የሚሉትን ቃላት አትደርድሩ። «እችላለሁ» ውስጥ «እ» ሰውየውን እንደሚናገር ሁሉ «ፕዌዶ» ውስጥ «ዶ» ትናገራለች። «ዮ ፕዌዶ» ካላችሁ «እኔ ነኝ የምችለው» ማለታችሁ ነው። አሉታውም ቀላል ነው፤ እንደ እኛ «አል-» እና «-ም» ከፊትም ከኋላም አይከብም፤ «ኖ» ከፊት ትቀመጣለች፦ ኖ ፕዌዶ፣ ኖ ፖዴሞስ። ጥያቄ ለመጠየቅም ቃል ማዘዋወር የለም፤ ድምፅን ወደ ላይ ማንሳት ነው።

3. «ር» ማለት «መ-» ናት

ከፖዴር ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ እንደ እኛ «መግባት፣ መውጣት» ዓይነት ሰው የማይለይ ቅርጽ ነው። አማርኛ ምልክቱን ከፊት ያደርጋል፦ መግባት። ስፓኒሽ ከኋላ፦ ኤንትራር። ቅደም ተከተሉም ይገለበጣል፦ «መግባት እችላለሁ» እንላለን፣ እነሱ «ፕዌዶ ኤንትራር»።

እነዚህን አሥራ ሁለት ያዙ፤ ለአንድ ሙሉ ቀን ጉብኝት ይበቃሉ፦ ኤንትራር (መግባት)፣ ፓሳር (ማለፍ)፣ ሱቢር (መውጣት፣ መሳፈር)፣ ባኻር (መውረድ)፣ ቤር (ማየት)፣ ኤስፔራር (መጠበቅ)፣ ፓጋር (መክፈል)፣ ኮሜር (መብላት)፣ ቤቤር (መጠጣት)፣ ናዳር (መዋኘት)፣ አዩዳር (መርዳት)፣ ሳካር ፎቶስ (ፎቶ ማንሳት)።

ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንደኛው ሁለቱንም ግሥ በሰው መርባት ነው፦ «ፕዌዶ ኤንትሮ» አይባልም። ያ «እችላለሁ እገባለሁ» ነው። ሁለተኛው በመካከል ማያያዣ መጨመር ነው፤ «ፕዌዶ አ ኤንትራር»፣ «ፕዌዶ ዴ ኤንትራር» የሚል ነገር የለም። ሌሎች የስፓኒሽ ግሦች ማያያዣ ስለሚፈልጉ ትንሽ የተማረ ሰው ይሳሳትበታል፤ ፖዴር ግን ምንም አይፈልግም።

«እኔን» የምትለዋ «ሜ» ደግሞ እንደ እኛ «-ኝ» ከግሡ ኋላ ትለጠፋለች፦ ፕዌዴ አዩዳርሜ? «ሊረዱኝ ይችላሉ?» ከፊትም ልትመጣ ትችላለች፦ ሜ ፕዌዴ አዩዳር? ሁለቱም እኩል ትክክል ናቸው። በመካከል ግን አትሰንቅሯት።

4. ማወቅና መቻል፦ ሳቤር እና ፖዴር

አሁን መጀመሪያ ወዳነሣነው መሰናክል። ተምራችሁ ያገኛችሁት ሙያ ከሆነ፣ ማለትም ዋና፣ መቅዘፍ፣ መንዳት፣ ቋንቋ፣ ምግብ ማብሰል፣ ስፓኒሽ «አውቃለሁ» ይላል፦

ሴ (አውቃለሁ)፣ ሳቤስ፣ ሳቤ፣ ሳቤሞስ፣ ሳቤይስ፣ ሳቤን።

«ሴ ናዳር» ማለት ዋና እችልበታለሁ ነው። «ፕዌዶ ናዳር» ማለት ግን አሁን፣ እዚህ፣ ሁኔታው ይፈቅድልኛል ነው። ልዩነቱን ለማየት ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት የተሻለ ቦታ የለም። ጉማሬው ከደንገሉ ሥር አፍንጫውን ብቅ አድርጎ ያያችኋል። እንግዳው ልብሱን ሊያወልቅ ሲል «ኖ፣ ኖ!» ትሉታላችሁ። እሱም፦

«ፔሮ ሴ ናዳር!» (ኧረ ዋና እችላለሁ!)

እናንተ፦ «ሲ፣ ሳቤ ናዳር፣ ፔሮ አኪ ኖ ሴ ፕዌዴ። አይ ኢፖፖታሞስ።» (አዎ፣ ዋና ያውቃሉ፤ እዚህ ግን አይቻልም። ጉማሬ አለ።)

በዚህች ምልልስ ውስጥ ሙያው አለ፣ ፈቃዱ ግን የለም። ሁለቱን ግሥ ብትቀያይሩና «ኖ ሳቤ ናዳር» ብትሉት «ዋና አታውቅም» ብላችሁ ሰደባችሁት።

እግረ መንገድ፣ «አይ» የምትለዋ ቃል ጆሯችንን ታታልላለች። በእኛ «አይ» እምቢታ ናት፤ በስፓኒሽ «አለ» ማለት ናት። እንግዳው «አይ አግዋ?» ሲል ውኃ አይፈልግም ማለት አይደለም፤ «ውኃ አለ?» እያለ ነው።

መፈተኛው ይህ ነው፦ አማርኛውን «-በት» ጨምራችሁ «እችልበታለሁ» ማለት ከተቻለ ሳቤር ነው። «ታንኳ መቅዘፍ እችልበታለሁ» ያስኬዳል፤ ስለዚህ «ሴ ሬማር»። «ነገ መምጣት እችልበታለሁ» አያስኬድም፤ ስለዚህ «ፕዌዶ»። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ እንዲህ ናቸው፦ «ሚ ኤርማኖ ሳቤ ሬማር፣ ፔሮ ኦይ ኖ ፕዌዴ፤ ኤስታ ኤንፌርሞ።» ወንድሜ መቅዘፍ ይችላል፣ ዛሬ ግን አይችልም፤ አሞታል።

ቋንቋ ላይ ጠንቀቅ በሉ። «ስፓኒሽ እችላለሁ» ለማለት «ፕዌዶ ኤስፓኞል» የሚል ከአማርኛ የተገለበጠ ነገር ይሰማል፤ በስፓኒሽ አይባልም። «ሴ ኡን ፖኮ ዴ ኤስፓኞል» ወይም «አብሎ ኡን ፖኮ ዴ ኤስፓኞል» (ትንሽ እናገራለሁ) በሉ።

ሳቤር ሌላ ትርጉም እንዳለውም አስተናጋጆች ይወቁት። የተጠበሰ ቀረሶ አቅርባችሁ እንግዳው «ሳቤ ሙይ ብዬን» ካለ ስለ ማንም እውቀት አላወራም፤ «በጣም ይጣፍጣል» ነው ያለው።

5. ሴ ፕዌዴ፦ የእኛው «ይቻላል»

«ይቻላል» ማን እንደሚችል አይናገርም፤ ለሁሉም ክፍት ነው ይላል። «ሴ ፕዌዴ» ልክ እንደዚያ ነው (ይህች «ሴ» ከላይ ካየናት «አውቃለሁ» ከምትለዋ «ሴ» ሌላ ናት)። «ኖ ሴ ፕዌዴ» ደግሞ «አይቻልም»። ከኋላው የ«ር» ግሥ ትጨምራላችሁ፦

ሴ ፕዌዴ ኤንትራር? መግባት ይቻላል?
ሴ ፕዌዴ ፓጋር ኮን ታርኼታ? በካርድ መክፈል ይቻላል?
ሴ ፕዌዴ ቤቤር ኤል አግዋ ዴል ግሪፎ? የቧንቧውን ውኃ መጠጣት ይቻላል? (መልሱ፦ «ሜኾር ኖ»፣ ባይጠጡ ይሻላል።)
ሴ ፕዌዴ ናዳር ኤን ኤል ላጎ? ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይቻላል? (ጉማሬ በሌለበት ዳርቻም ቢልሃርዚያ ስላለ መልሱ ያው «ኖ» ነው።)

መመሳሰሉ እስከ በር ድረስ ይሄዳል። በራችን ላይ ሆነን «ይቻላል?» እንደምንለው ስፔናዊም በር ቆርቁሮ «ሴ ፕዌዴ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። መፈክሩም ይገጥማል፦ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሄደበት «ይቻላል!» እንደሚለው፣ በ1972 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የእርሻ ሠራተኞች ያነሡት መፈክር «ሲ፣ ሴ ፕዌዴ!» ነበር፤ እስከ ዛሬ በሰልፍና በስታዲየም ይጮኻል። እንግዳ ሲያዝን ወይም አቀበት ሲከብደው በፈገግታ «ሲ፣ ሴ ፕዌዴ!» በሉት፤ ወዲያው ይገባዋል።

አንድ ደንብ አላት። ከኋላ የሚመጣው ነገር ብዙ ከሆነ «ሴ ፕዌዴን» ትሆናለች፦ «ሴ ፕዌዴን ሳካር ፎቶስ?» ፎቶዎቹ ብዙ ስለሆኑ «ን» ተጨመረች። ብትረሱት ብዙ ጉዳት የለውም፤ ራሳቸው ተናጋሪዎቹም አንዳንዴ ይተዉታል።

ጎርጎራን የሚጠይቅ ስፔናዊ ይገጥማችኋል። በ1618 እ.ኤ.አ. የዓባይን ምንጭ አይቶ የጻፈው ፔድሮ ፓኤዝ የአገራቸው ሰው ነው፤ በ1622 ያረፈውም ጎርጎራ ነው። «ሴ ፕዌዴ ኢር አ ጎርጎራ ኤን ባርኮ?» (በጀልባ ጎርጎራ መሄድ ይቻላል?) ሲሏችሁ «ሴ ፕዌዴ» ብላችሁ ብቻ አትተዉ፤ ሐይቁን ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን መቁረጥ ስለሆነ «ፔሮ ኤስታ ሙይ ሌኾስ» (ግን በጣም ሩቅ ነው) ጨምሩበት።

6. ፈቃድ መጠየቅ፦ «ልግባ?»

አማርኛ ተናጋሪ በር ላይ ቆሞ «መግባት እችላለሁ?» የሚለው እምብዛም ነው። «ልግባ?» ይላል። ስፓኒሽ «ልግባ» የሚል ቅርጽ ለጥያቄ የለውም፤ ሁለት ምትክ አለው። አንዱ የታወቀው ነው፦ «ፕዌዶ ፓሳር?» ሌላው ከዚያ ያጠረ ነው፦ ግሡን በ«እኔ» ብቻ አድርጎ መጠየቅ። «አብሮ ላ ቤንታና?» ቃል በቃል «መስኮቱን እከፍታለሁ?» ነው፤ ትርጉሙ ግን «መስኮቱን ልክፈተው?» ነው። ለአስተናጋጅ ይህ ወርቅ ነው፦ «ትራይጎ ላ ክዌንታ?» ሂሳብ ላምጣ?

ከፍ ያለ ትሕትና ስትፈልጉ «ፖድሪያ» አለች፦ «ፖድሪያ ኤስፔራር አኪ፣ ፖር ፋቦር?» እዚህ ቢጠብቁ? ጉልበቱን «ሪ» ላይ ጣሉት። «ር» ብትጠፋ «ፖዲያ» ይሆናል፤ ያ ደግሞ ያለፈ ጊዜ ነው፣ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሰው ፎቶ ለማንሳት፦ «ፕዌዶ ሳካርሌ ኡና ፎቶ?» እንግዶቻችሁ ዘጌ ላይ ቡና የሚለቅሙ እናቶችን ሳይጠይቁ ካሜራ እንዳያዞሩ ይህችን ራሳችሁ ቀድማችሁ አስታውሷቸው፤ «ፕሪሜሮ፣ ፕሬጉንታር» (መጀመሪያ መጠየቅ)። እናቶቹን በአማርኛ የምትጠይቁላቸው እናንተ ናችሁ፦ «እማማ፣ ፎቶ ያንሱዎት?»

በሰው መካከል ለማለፍ ከላቲን አሜሪካ የመጡት «ኮን ፔርሚሶ» ይላሉ፤ ስፔናውያን «ሜ ዴኻ ፓሳር?» ወይም «ፔርዶን» ይላሉ። ይህ «ዴኻ» ገበያ ላይ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። «ሜ ሎ ዴኻ ኤን ኪንዬንቶስ?» ሲባሉ የመሶብ ነጋዴዋ ማንንም አታሳልፍም፤ «በ500 ያደርጉልኛል?» ነው የተባለችው።

ፈቃድ ሲሰጥ በ«ሲ» ብቻ ማቆም ደረቅ ነው። እኛ «ግቡ፣ ግቡ» እንደምንለው እነሱም ይደጋግማሉ፦ «ሲ፣ ሲ፣ ፓሴን፣ ፓሴን!» «ክላሮ» (እንዴታ)፣ «ክላሮ ኬ ሲ»፣ «አዴላንቴ» (ወደፊት፣ ይግቡ) አሉ። ለአንድ እንግዳ «ፓሴ»፣ ለብዙ «ፓሴን»።

ታንኳ ላይ ለመውጣት የሚለምኑም አሉ፦ «ፕዌዶ ሱቢር አ ላ ታንኳ?» ከፔሩና ከቦሊቪያ የመጡት በተለይ ደንገሉን ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል፤ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች «ቶቶራ» ከሚሉት ሣር ተመሳሳይ ጀልባ ይሠራሉ። ኖርዌጃዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ሊሻገርባት የሞከረው «ራ» የተባለች ጀልባ የተሠራችው ከጣና በተቆረጠ ደንገል ሲሆን፣ በዓመቱ የተሳካላትን ሁለተኛዋን የሠሩት የቲቲካካ አይማራዎች ናቸው። ይህን ከነገራችኋቸው ጨዋታው አያልቅም።

7. መከልከል፦ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ

ከመፍቀድ መከልከል ይከብዳል። «ኖ ፕዌዴ» ጣት ይቀስራል፦ «እርስዎ አይችሉም»። «ኖ ሴ ፕዌዴ» ደንቡን ይናገራል፦ «አይቻልም»። «ሎ ስዬንቶ» (አዝናለሁ) ከፊት ካደረጋችሁ ማንም አይቀየምም፦ «ሎ ስዬንቶ፣ ኖ ሴ ፕዌዴ።» «ኤስታ ፕሮይቢዶ» (የተከለከለ ነው) ለማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ በአፍ ሲባል የፖሊስ ድምፅ አለው። ለአደጋ ብቻ አስቀምጡት።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት በር ላይ የሚሆነውን በቅርብ እንየው። እንግዳዋ «ሴ ፕዌዴ ኤንትራር?» አለች። አስጎብኚው ወደ አባ ዞሮ፦

«አባ፣ ይፍቱኝ። እንግዶች ናቸው፤ መግባት ይቻላል?»

«ይግቡ፤ ጫማቸውን ያውልቁ። ፎቶም ይቻላል፣ ብልጭ የምትለዋ ግን ትቅር።»

ትርጉሙ፦ «ሲ፣ ሴ ፕዌዴ። ፔሮ አይ ኬ ኪታርሴ ሎስ ሳፓቶስ። ሴ ፕዌዴን ሳካር ፎቶስ፣ ፔሮ ሲን ፍላሽ።»

«አይ ኬ» ከላይ ካየናት «አይ» የመጣች ናት፤ «ያስፈልጋል፣ ግድ ነው» ማለት ነው። እሷም ማንን እንደምታዝ አትናገርም፤ ስለዚህ ከ«ሴ ፕዌዴ» ጋር ጥሩ ትሄዳለች። «ሲን» «ያለ» ነው።

እንግዳዋ ሥዕሉን አይታ ስትጨርስ ወደ መቅደሱ መጋረጃ ጠቁማ «ኢ አኢ?» (እዚያስ?) ትላለች። «ሎ ስዬንቶ፤ አኢ ሶሎ ፕዌዴን ኤንትራር ሎስ ሳሴርዶቴስ።» እዚያ የሚገቡት ካህናት ብቻ ናቸው። «ሶሎ ፕዌዴን» (ብቻ ይችላሉ) ከባዱን ክልከላ ወደ ፈቃድ ትገለብጠዋለች፤ ማን እንደማይገባ ሳይሆን ማን እንደሚገባ ትናገራለች።

ይህ ዘዴ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ላይ ነው፤ ሁለቱም ሴት አያስገቡም። ደሴቲቱ ደርሶ መንገር ትልቅ ጥፋት ነው፤ ገንዘቧን ከፍላ ጀልባ ላይ የቀረች ሴት ንዴቷ ልክ ነው። ገና ወደቡ ላይ፣ ሂሳብ ሳይከፈል በሉ፦ «አ ኤስቴ ሞናስቴሪዮ ሶሎ ፕዌዴን ኤንትራር ኦምብሬስ።» ወዲያውኑ ምትኩን፦ «ፔሮ ኤን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲ ፕዌዴን ኤንትራር ቶዶስ።» እዚህ «ሲ» «አዎ» አይደለችም፤ እንደ እኛ «ግን ይቻላል» ላይ እንዳለው ጫና፣ «እዚያስ ይቻላል» የምትል ናት።

«ኖ» የምትቀመጥበትንም ቦታ ተጠንቀቁ። «ኖ ፕዌዴ ኤንትራር» መግባት አይችልም ነው፤ «ፕዌዴ ኖ ኤንትራር» አለመግባት ይችላል፣ ማለትም ካልፈለገ ይቅር ነው።

8. «አልቻልኩም» ሁሌ ያለፈ አይደለም

ይህ ከአማርኛ ብቻ የሚመጣ ስህተት ስለሆነ የስፓኒሽ መማሪያ ላይ አታገኙትም። ቁልፉን በር ውስጥ እያዞርን «ኧረ መክፈት አልቻልኩም» እንላለን። ቅርጹ ያለፈ ነው፤ ነገሩ ግን አሁን ነው። ስፓኒሽ ለዚህ የአሁን ጊዜ ነው የሚፈልገው፦ «ኖ ፕዌዶ አብሪር ላ ፕዌርታ።» «ኖ ፑዴ አብሪር» ካላችሁ ሞክራችሁ ትታችሁታል፤ የሆቴሉ እንግዳም «እና የት አደሩ?» ሊል ይችላል።

ያለፈው ሁለት ነው። «ፑዴ» አንድ ጊዜ ሆኖ ያለቀ ነው፦ «አዬር ኖ ፑዲሞስ ሳሊር፤ ኡቦ ብዬንቶ»፤ ትናንት መውጣት አልቻልንም፣ ነፋስ ነበር። «ፖዲያ» ደግሞ ይቻል የነበረ፣ የቆየ ሁኔታ ነው። ጢስ ዓባይ በበጋ ሄዶ ቀጭን ውኃ ላየ እንግዳ፦ «አንቴስ ሴ ፖዲያ ቤር ማስ አግዋ» (ድሮ ብዙ ውኃ ማየት ይቻል ነበር)፤ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚጠለፍ ነው። ክረምት ሲመጣ ራሱ ፏፏቴው ይመልስላችኋል።

9. እነሱ ሲሉት እንድትሰሙ

«ኖ ፕዌዶ ማስ!» አቀበት ላይ ከሰማችሁ ሰውየው «በቃኝ፣ ደከመኝ» እያለ ነው፤ ቁሙና ውኃ ስጡት። «ፕዌዴ ሴር» «ሊሆን ይችላል» ነው፤ «ኖ ፕዌዴ ሴር!» እኛው «ሊሆን አይችልም!» የምንለው መገረም ነው። «ያንተን ነገር ቻልኩት» የምንለው መሸከም ግን ፖዴር አይደለም፤ ለእሱ «አግዋንታር» የሚል ሌላ ግሥ አለ።

10. ልምምዱ

በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ፍሬም ያዙ፣ ለምሳሌ «ሴ ፕዌዴ…?»፣ አሥራ ሁለቱን ግሦች አንድ በአንድ አስገቡበት። በማግሥቱ «ፕዌዶ…?»፣ በሦስተኛው «ሎ ስዬንቶ፣ ኖ ሴ ፕዌዴ…»። በአራተኛው ቀን ጓደኛ ያዙና አንዱ በአማርኛ ይጥራ፣ ሌላው ሳያስብ በስፓኒሽ ይመልስ። ሦስት ሰከንድ ካለፈው እንደገና ይጀምር፤ እንግዳ ከዚያ በላይ አይጠብቅም። ድምፃችሁን በስልክ ቅዱና «ፕዌ» በትክክል መውጣቷን ስሙ።

መልሱን ሸፍናችሁ እነዚህን ሞክሩ፦ (ሀ) ስፓኒሽ ይችላሉ? (ለ) ቁጭ ልበል? (ሐ) እዚህ ማጨስ አይቻልም። (መ) ነገ መምጣት እንችላለን። (ሠ) እህቴ መንዳት ትችላለች፣ ዛሬ ግን አትችልም።

(ሀ) ሳቤ ኤስፓኞል? (ለ) ፕዌዶ ሴንታርሜ? (ሐ) አኪ ኖ ሴ ፕዌዴ ፉማር። (መ) ፖዴሞስ ቤኒር ማኛና። (ሠ) ሚ ኤርማና ሳቤ ኮንዱሲር፣ ፔሮ ኦይ ኖ ፕዌዴ። ለላቲን አሜሪካ ሰው በ«ኮንዱሲር» ፈንታ «ማኔኻር» በሉ። (ሀ) ላይ «ፕዌዴ» ካላችሁ ወደ 4፣ (መ) ላይ «ፕዌዴሞስ» ካላችሁ ወደ 2 ተመለሱ።